ከሳንቃበር እስከ ግጭ፦ ሣሩ ተመልሷል፣ ሰዎቹስ?

በሰቆጣ ዙሪያ ተወልዶ ላደገ ሰው ተራራ ብርቁ አይደለም። ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚቀበለው ተራራ ነው፤ ማታም ፀሐይ የምትጠልቅበት ከተራራ ጀርባ ነው። ለእኛ ብርቁ ዛፍ ነው። የዋግ ኽምራ ደጋ አብዛኛው ተራቁቷል። አፈሩ በየክረምቱ በጎርፍ እየታጠበ ወደ ተከዜ ወርዷል፤ የቀረው ድንጋይ ነው። ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ከታየ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደብር ነው፤ ወይ ደግሞ ሰውና ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተዳፋት ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስለ አፈር መሸርሸር ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ተራራችን ድሮም እንዲህ ራቁቱን ነበር ወይስ ልብሱን ያወለቅነው እኛ ነን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም በመጽሐፉ ላይ ያለውን መልስ ሰጠሁት። ቤቴ ስገባ ግን መልሱ ለራሴም አልበቃኝም።

ልጅነቴ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መደበኛ ትምህርት ቤት ነው ያለፈው። በአንደኛው የሰው ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ መሆኑን፣ ምድሪቱም በእጁ ያለች አማና መሆኗን ተማርኩ። በሌላው ደግሞ አንድ ጣት የሚያህል አፈር ለመፈጠር ስንት መቶ ዓመት እንደሚፈጅ ተማርኩ። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ራስ ውስጥ ተጎራብተው ሳይተዋወቁ ብዙ ዓመት ኖሩ። የተማሪው ጥያቄ አስተዋወቃቸው ማለት እችላለሁ።

ስለዚህ በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ተነሳሁ። ልጁ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የምንሄደው የተጎዳ መሬት ሲያገግም በዓይናችን ወደምናይበት ቦታ ነው። ይኸውም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ተከዜን ማዶ

ሰሜን ለዋግ ጎረቤት ነው፤ መሐል ያለው ተከዜ ነው። ለአሞራ ቅርብ ነው፤ መኪና ግን በላሊበላ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በጎንደር ዞሮ ነው ደባርቅ የሚደርሰው። እኛም በዚያው ዞርን።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በጥቅምት ወር 1962 ዓ.ም. ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ ከተመረጡት 12 ቅርሶች አንዱ ይህ ፓርክ ነበር፤ ከእኛው ጎረቤት ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት ማለት ነው። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰውና ከብት በዝቶ፣ ሣሩ ተግጦ፣ ገደሉ አፋፍ ድረስ ታርሶ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1996 «አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱን ለማየት ነው እኛም ከሳንቃበር ወደ ግጭ በእግራችን የተጓዝነው።

ደባርቅ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን ክፍያውን ከፈልን። ጠመንጃ የያዘ ስካውትና ዕቃችንን የሚጭን በቅሎ ከነነጂው ተሰጠን። በቅሎ ነጂው ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ጋቢያቸውን ከአንገት እስከ ጉልበት የተጠቀለሉ ሰው ናቸው። «አሰላሙ ዐለይኩም» ስላቸው ፊታቸው በራ። «ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ! ከየት ናችሁ?» አሉኝ። «ከሰቆጣ» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ የግጭ ልጅ ነኝ» አሉና በቅሏቸውን መጫን ቀጠሉ። ያን ጊዜ «ነኝ» ማለታቸውን ልብ አላልኩትም።

በበረዶ ውዱእ

ሳንቃበር የመጀመሪያው የድንኳን ሰፈር ነው። ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ጥር ውስጥ ቀኑ ብሩህና ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። ለሱብሒ ስነሳ በጀሪካኑ አፍ ላይ ውኃው በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። የእህቴ ልጅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «አጎቴ፣ ተየሙም አይበቃንም?» አለኝ። እሳት ስላለን ውኃውን ማሞቅ እንደምንችል፣ ተየሙም ለእንዲህ ያለው ብርድ የሚፈቀደው ማሞቂያ ሲታጣና ውኃው ይጎዳል ተብሎ ሲፈራ መሆኑን ነገርኩት። እያጉረመረመም ቢሆን ተነሳ። በቅሎ ነጂው ቀድመውን ተነስተው ማንቆርቆሪያውን ጥደውት ነበር።

ቂብላውን ስንጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ገደሉ አመለከቱን። ነገሩን በካርታም ብንመለከተው እንዲሁ ነው፤ ከሰሜንም ሆነ ከሰቆጣ መካ ያለችው በስተ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው። የሰሜን ተራሮች ታላቁ ገደል የሚወርደውም በዚያው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሰግድ ሰው ከፊቱ ምንም የለም። መሬቱ ያልቅና ከብዙ መቶ ሜትር በታች ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ሱጁድ ወርደን ቀና ስንል ጎሕ ቀዶ፣ ከታች ያሉት አምባዎች አንድ በአንድ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይሉ ነበር። የእህቴ ልጅ ከሰላምታው በኋላ ብዙ ሳይናገር ተቀመጠ። ማጉረምረሙንም እዚያው ተወው።

መንገዱ

ከሳንቃበር ግጭ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደ ተጓዡ አቅም አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። መንገዱ በመጀመሪያ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ በአስታ ጫካ ውስጥ ያልፋል። የአስታው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ሽበት አለበት፤ ከጉሙ እርጥበት የሚኖር ነው። ከሥሩ ጦስኝ ይሸታል፤ እግር በረገጠው ቁጥር ሽታው ይነሳል።

ፀሐይ ስትሞቅ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጡ። ሌሊቱን የሚያሳልፉት ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል ከንፈር ላይ ነው። ጭላዳ እንደ ሌላው ዝንጀሮ ፍሬ ፍለጋ ሲባዝን አይውልም፤ ኑሮው ሣር ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይግጣል። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ትከሻው ላይ የአንበሳ የመሰለ ጋማ አለው። ከመቶ የሚበልጡ ሆነው በመካከላቸው ስናልፍ ቀና ብለውም አላዩን። «እነዚህ በጎቻችን ነበሩ» አሉ በቅሎ ነጂው እየሳቁ፤ «ያንኑ ሣር ነበር ከበጎቻችን ጋር የሚሻሙት።»

ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል። ወደ አንድ ወገን ወጣ ብሎ ለቆመ ሰው የጅንባር ፏፏቴ ፊት ለፊት ይታያል። ውኃው ወደ 500 ሜትር ወደሚጠልቅ ጥልቅ ሸለቆ ይወረወራል። በክረምት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል ይባላል፤ በጥር ግን ቀጥኖ መሬት ሳይደርስ ነፋስ የሚበትነው ነጭ ክር መስሎ ነበር። ወንዙ ዳር ዙህርንና ዐስርን በቀስር አንድ ላይ ሰገድን፤ በሶ በጥብጠን ጠጣን። ድንጋይ ድንጋዩን ተሻግረንም ዳገቱን ተያያዝነው። ይህ ዳገት ትንፋሽ ይቆርጣል። ጎረምሳውን ያደከመው ዳገት ሽማግሌውን አላደከማቸውም። የልጅነት መንገዳቸው ነውና።

ግጭ

ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር በቅሎ ነጂው ቆሙ። በቅሏቸውን ለስካውቱ ሰጡና ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብለው፣ ሣር ወደ ዋጠው የድንጋይ ክምር ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ለቀብር ሰዎች ሰላምታ አቀረቡ፤ ዱዓ አደረጉ። እኛም ከጎናቸው ቆመን አሚን አልን። «አባቴና እናቴ፣ ሁለት ልጆቼም እዚህ ናቸው» አሉን።

ያን ጊዜ ነው ዙሪያውን ያየሁት። የግጭ ሕዝብ ሙስሊም ነበር፤ ለትውልዶች በዚህ ብርድ ገብስ እያረሰ፣ በግና ከብት እያረባ ኖሯል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች፣ በጠቅላላው ከ2,500 የሚበልጡ ሰዎች፣ ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ከተማ አጠገብ ሰፈሩ። ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ያወጣው ይህ በሆነ በዓመቱ ነው። እኛ ስንደርስ ከቤቶቹ የቀረው የግድግዳ መሠረት ነበር። የጥንቱ ትልም ከሣሩ ሥር እንደ ጎድን አጥንት መስመር ሠርቶ ይታያል። በላዩ ላይ ጓሳው ጉልበት ድረስ በቅሏል፤ በመካከሉ ጅባራው እንደ ዘብ ቆሟል። ሣሩ በእርግጥ ተመልሷል።

የእህቴ ልጅ እኔ ያፈርኩትን ጥያቄ ጠየቀ። «አባባ፣ ማን ነው ያስነሳችሁ?»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ በዱላ ያባረረን የለም። በደርግ ጊዜ ከገደሉ ሥር ያሉትን ሰዎች በግድ አንስተዋቸው ነበር፤ የእኛ እንደዚያ አይደለም። ብዙ ዓመት ተመከረ፣ ተስማማን፣ ካሳም ተቀበልን። እውነቱን ልንገርህ፤ መሬቱም ደክሞ ነበር። አባቴ ያረሰው ማሳ በእኔ ጊዜ ዘሩን መመለስ አቅቶት ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከቤታቸው አጠገብ ይማራሉ፤ መብራት አለ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ገደል አትወርድም። አልሐምዱሊላህ።»

ዝም አሉና ቀጠሉ። «ግን ገበሬ ገንዘብ መያዝ አያውቅም። ብሩ እንደ ጉም ነው፤ አየሁት ስትል የለም። ሞፈሬን የምሰቅልበት ግድግዳ አለኝ፤ የማርስበት መሬት የለኝም። አፋችን ተስማማ፤ ልባችን ግን እዚህ ቀረ።»

ከግጭ በላይ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በተነሳው ቃጠሎ የከሰለ አስታ ቆሞ ነበር። ያን እሳት ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣታቸውን በዜና ሰምተን ነበር። ሽማግሌው የነገሩን ግን በዜና ያልሰማነውን ነው። ከደባርቅ ሌሊት ተነስተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በእግራቸው ወጥተው፣ ቅጠል እየቆረጡ፣ አፈር እየበተኑ እሳቱን ሲታገሉ ሁለት ቀን እንደቆዩ አጫወቱን።

«መሬቱ የእርስዎ አልነበረም እኮ ያን ጊዜ» አልኳቸው።

«መምህር፣ መሬት መቼ የሰው ሆኖ ያውቃል? የአላህ ነው። እኛ ጠባቂዎች ነን። የለቀቅነው ሣር እንዲበቅልበት ብለን ነው። ከተቃጠለ ለምን ለቀቅነው?»

እኔ ቁርኣን ቤትና ትምህርት ቤት ለየብቻ የተማርኩትን እኚህ ሰው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ዑመርና የግጦሽ ጠባቂው

ያን ሌሊት ግጭ የድንኳን ሰፈር 3,600 ሜትር ገደማ ላይ አደርን። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከኡስታዛችን የሰማሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ።

መሬትን ከልሎ መጠበቅ ለእስልምና እንግዳ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲናን ክልል ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል። «ሒማ» የሚባል የተጠበቀ የግጦሽ መሬትም ነበር። በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን እንዲህ ያለውን ሒማ እንዲጠብቅ ሁነይ የሚባል ሰው ተሾመ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ዑመር ለዚህ ሰው የሰጡት አደራ ስለ ሣር ብቻ አልነበረም። ለሰዎች ክንፉን ዝቅ እንዲያደርግ፣ የተበደለ ሰው ዱዓ እንዲያስፈራው አስጠነቀቁት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የባለጸጎቹን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ምክንያቱንም ነገሩት። ባለጸጋው ከብቱ ቢያልቅ ወደ ተምሩና ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ከደጃችን ይቆማል። ስለዚህ ዛሬ ሣርና ውኃ መስጠት ነገ ወርቅና ብር ከመስጠት ይቀላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ዑመር የሰዎቹን ቅሬታ አልካዱም። መሬቱ የእነርሱ እንደሆነ፣ ለእርሱም ተዋግተው እንደኖሩ፣ በደለን ብለው ሊያስቡ እንደሚችሉ በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት አማና ጎን ለጎን ቆሟል፤ የምድሪቱ አማናና የድሃው አማና። አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው ሁለቱንም ጥሏል። ሰው ይብላ ብሎ ተራራውን የሚያስግጥ፣ ከዓመታት በኋላ ሣሩንም ሰውየውንም ያጣል። ሣሩ ይብቀል ብሎ ሰውየውን የሚረሳም የተበደለ ሰው ዱዓ ይጠብቀዋል።

የተማርነው በኋላ ነው

በማግስቱ ከሰፈራችን ተነስተን 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው እመት ጎጎ ወጣን። በሦስት ወገን ገደል ነው፤ ቃል የሚያንስለት የአላህ ሥራ ነው። አንድ ትልቅ አሞራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከእግራችን በታች አለፈ። መንገዱ ከዚያ ወደ ጨነቅ ይቀጥላል፤ የእኛ ዕረፍት ግን እያለቀ ስለነበር ተመለስን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ። ቤታችንን ቆልፈን በሌሊት ወጣን። የእህቴ ልጅ በሩን ከቆለፈ በኋላ ግድግዳውን በመዳፉ ነክቶ ጥቂት ቆመ። መንገድ ላይ «አጎቴ፣ የግጩን አባባ አሁን ነው የገቡኝ» አለኝ። ተመልሰን ከተማችን ስንገባ ደግሞ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በድንኳን ሰፍረው አገኘን። ከመሬት መነሳት ምን እንደሆነ ዋግ ዛሬ ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

በሰሜንም ሰላም አልበረደለትም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት የጎብኚው እግር ተሰብሯል፤ የዋልያውም ቁጥር በእጅጉ መቀነሱ ተነግሯል። ይህን ጉዞ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ። አላህ አግርቶለት የሚሄድ ደግሞ ወፍራም ልብስ፣ በሶና ቆሎ፣ ውኃ ማሞቂያ ይያዝ። መንገደኛ በውዱእ በለበሰው ኹፍ ላይ ሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ እንደሚችል አይርሳ፤ ካልሲን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ከአዋቂ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ዕቃውን የሚጭንለትን ሰው ከየት እንደሆነ ይጠይቀው።

እኛስ ሰቆጣ ላይ ምን እናድርግ? ዛፍ መትከል የየክረምቱ ሥራችን ነው። ሙስሊም ከተከለው ወፍም ሆነ እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ሁላችንም እናውቃለን። ችግራችን መትከሉ ላይ አይደለም፤ ችግኙን ፍየል ይበላዋል። ስለዚህ ተዳፋቱ ይከለላል። እሰየው! ግን ያቺ ፍየል የማን ናት? ብዙ ጊዜ ሌላ ንብረት የሌላት የአንዲት መበለት ናት። በእኔ አስተያየት አጥር ከመታጠሩ በፊት የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ የመስጂድና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቀምጠው አንድ ስም ዝርዝር መጻፍ አለባቸው፤ ሁለትና ሦስት ፍየል ብቻ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር። በተከለለው ቦታ የሚበቅለውን ሣር መጀመሪያ አጭደው የሚወስዱት እነርሱ ይሁኑ። ባለ ብዙ ከብቱ ቆይቶ ይምጣ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዑመር ለሁነይ የሰጡት አደራ ነው።

ያ ተማሪ ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ ሌላ ከተማ ሄዷል። ባገኘው መልሱን እነግረው ነበር። አዎን፣ ልብሱን ያወለቅነው እኛ ነን፤ ማልበስም እንችላለን። ሲለብስ ግን ጥጡን ማን እንደ ፈተለው እንዳንረሳ።

አላህ (ሱ.ወ.) ምድራችንን ያልብስልን፣ የተፈናቀሉትን በሰላም ወደ ቀያቸው ይመልስልን፣ ሁለቱንም አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።